ታይፎይድ ነው ብለው ያስቀሩብኝ ክርስትና

መጀመሪያ የተጣላሁት ከታክሲ መስኮት ጋር ነው። ክረምት ነው፤ ከሲግናል ተነስተን ወደ የካ ዳገት እየወጣን ነው፤ ዝናቡ ገና ማባራቱ ስለሆነ ሰው ሁሉ በጃኬትና በጋቢ ተጀቡኖ ተቀምጧል። እኔን ደግሞ ከደረቴ ተነስቶ በአንገቴ ወደ ፊቴ የሚወጣ እሳት ያዘኝ። ላቡ በጆሮዬ ስር ወርዶ ሸሚዜን አበሰበሰው። መስኮቱን ከፈትኩ። ከኋላዬ የተቀመጡ አዛውንት ወዲያው ብርድ ልታስመታን ነው እንዴ አሉ፤ አጠገቤ ያለችው ሴትዮ ደግሞ እጇን በላዬ አሻግራ ዘጋችው። ከፈትኩት። ዘጋችው። የዚህ ከተማ ሰው ፍሬን የበጠሰ መኪና ቢመጣበት አይደነግጥም፣ የመስኮት ብርድ ግን ነፍሱን ያስጨንቀዋል። ሦስተኛ ጊዜ ስከፍተው ታክሲው በሙሉ ተነሳብኝ። እኔም፣ የአርባ ስድስት ዓመት የሒሳብ አስተማሪ፣ ሰው ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ የማላውቅ ሴት፣ «ሁላችሁንም ብርድ ይምታችሁ» ብዬ ተራግሜ ወረድኩ። የቀረውን ዳገት በእግሬ ወጣሁት። እያለቀስኩ ነበር፤ ለምን እንደማለቅስ ግን አላውቀውም።

ቤት ስደርስ እናቴ በረንዳው ላይ ነበረች። በዚያ አሮጌ ቤት ከእኔና ከእሷ በቀር የሚኖር የለም። ሸሚዜን አየች፣ ፊቴን አየች፣ ከዚያ ዓይኗን ወደ ባሕር ዛፎቹ መለሰችና ምች ነው አለች። ዳማከሴ ጨምቃ ግንባሬን አሸችኝ፣ ጋቢ ደራርባ አለበሰችኝ፣ የመስኮቱን ቀዳዳ በጨርቅ ወተፈችው። እዚያ ውስጥ ተቀቀልኩ።

ያን ሰሞን ታናሽ እህቴ ወለደች። አሥር ዓመት ሙሉ ጠብቃ፣ ተስፋ ቆርጣ፣ ደግሞ ተስፋ አድርጋ ያገኘቻት ሴት ልጅ ናት። እኔ አልወለድኩም፤ ባልም አላገባሁም። ምክንያቱ ብዙ ነው፣ እዚህ አልዘረዝረውም። እህቴ ይህን ታውቃለችና ገና አራስ ቤት ሳለች ሕፃኗን ክንዴ ላይ አስተኛችልኝና «እትዬ፣ ክርስትና የምታነሻት አንቺ ነሽ። ከእኔ ቀጥሎ እናቷ አንቺ ነሽ» አለችኝ። ሰው እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቱ ስንት ጊዜ ይሰጠዋል? እናት መሆን እንደቀረብኝ ለራሴ ከነገርኩት ቆይቶ ነበር፤ ያን ቀን በሌላ በር መጣልኝ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር አላሰብኩም።

ሕፃኗ ሴት ናትና ክርስትናዋ በሰማንያ ቀኗ ነው። በዚያ ቀን ቤተ ክርስቲያን ገብቼ፣ አቅፌ፣ ማተቧን አስሬ ልቀበላት ነው። ችግሩ አንድ ነበር። የወር አበባ ላይ ያለች ሴት ቤተ ክርስቲያን አትገባም። ይህን ሥርዓት ከልጅነቴ አውቀዋለሁ፣ አሁንም ከእሱ ጋር ጠብ የለኝም። ድሮ ቀኔን እንደ ክፍለ ጊዜ ደወል አውቀው ነበር፤ አንድ ቀን አያዛንፍም። ከዚያ ዓመት ወዲህ ግን ጠፋብኝ። ሁለት ወር ዝም ይላል፤ በሦስተኛው ይመጣና ሁለት ሳምንት አልሄድም ይላል፤ ያውም እንደ ቧንቧ እየፈሰሰ። ትምህርት ቤት ከጥቁር ቀሚስ ሌላ መልበስ ትቼ ነበር። ስለዚህ ምን እንደነካኝ ከሰማንያው ቀን በፊት ማወቅ ነበረብኝ። የቀን መቁጠሪያው ላይ ቀኗን በቀይ አከበብኩና ሐኪም ፍለጋ ወጣሁ።

መጀመሪያ የሄድኩት ላምበረት አካባቢ ያለ አንድ ክሊኒክ ነው። ነጭ ጋወን የለበሰ ወጣት ጥያቄውን በቃሉ እንደያዘው ትምህርት ያንበለብለዋል። ትኩሳት አለዎት? አዎ፣ ይመጣል ይሄዳል። ሌሊት ያልብዎታል? ያልበኛል። ራስ ምታት? መገጣጠሚያ? ድካም? አዎ፣ አዎ፣ አዎ። ከዚያ ባለትዳር ነዎት አለኝ። አይደለሁም አልኩት። ብዕሩ ወረቀቱ ላይ አንድ መስመር ዘለለ። ያ የዘለለው መስመር ምን እንደነበር የገባኝ በኋላ ነው። ባል ያላት ሴት የወር አበባዋ መቼ እንደመጣ ትጠየቃለች፣ ምናልባት አርግዛ ይሆናላ። ባል የሌላትን መጠየቅ ግን ነውር ነው። ድንቄም ጨዋነት! ባል የሌላት ሴት ማህፀንም የላትም መሰላቸው።

እኔው ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ የወር አበባዬም ተዛብቷል አልኩት። ዓይኑን ጠረጴዛው ላይ ተከለ። ከትኩሳቱ ነው፣ ሲሻልዎት እሱም ይስተካከላል አለኝ። ደም ሰጠሁ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ታይፎይድና ታይፈስ ተቀላቅሎብዎታል ተባልኩ። እስቲ አዲስ አበባ ውስጥ ክሊኒክ ገብቶ ታይፎይድ ሳይባል የወጣ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። አሥር ቀን ኪኒን ዋጥኩ። አፌ መረረ፣ ሆዴ ተገለባበጠ፣ ላቡ ግን ንቅንቅ አላለም።

ሁለተኛው ክሊኒክ ታይፎይዱ አልለቀቀዎትም፣ ተደብቋል ብሎ ሰባት ቀን መርፌ ወጋኝ። ስለ ደሙ እዚያም አፌን ከፍቼ ነበር፤ ነርሷ አንገቷን ነቅንቃ መርፌውን ማዘጋጀት ቀጠለች። ጧት ተወግቼ ቀጥታ ክፍል እገባለሁ፤ በአንድ ጎኔ ቆሜ አስተምራለሁ። አንድ ቀን ሰሌዳው ፊት ቆሜ የክብ ስፋት ቀመር ጠፋኝ። ሃያ ሦስት ዓመት ያስተማርኩት! ጠመኔው እጄ ላይ በላብ ራሰ። ተማሪዎቹ መጀመሪያ ሳቁ፣ ኋላ ዝም አሉ፤ ዝምታቸው ከሳቃቸው ባሰብኝ። መጽሐፉን ገልጬ ቀመሩን እንደ ጀማሪ ገለበጥኩት።

ሦስተኛው ሐኪም ፈገግ ብሎ ጭንቀት ነው አለኝ። ራስዎን ያዝናኑ፣ እስቲ እንጦጦ ወጣ ብለው ንጹሕ አየር ይሳቡ። አበስኩ ገበርኩ! እኔ እኮ ተወልጄ ያደግኩት እንጦጦ ግርጌ ነው። ጧት በሬን ስከፍት የሚቀበለኝ ባሕር ዛፍ ነው። አየር የሚያድን ቢሆን የእኛ ሰፈር ሰው አይሞትም ነበር። ለዚህኛው ግን ስለ ደሙ አልነገርኩትም። ሁለት ጊዜ አፍሬ ነበርና ሦስተኛውን ፈራሁ። ለዚህ ራሴንም እቆጣለሁ።

ቤት ውስጥ ደግሞ እናቴ ምንም አትጠይቀኝም። እኔ ትምህርት ቤት ስሄድ አንሶላዬን አጥባ ታሰጣዋለች። አንድ ጧት ስነቃ አልጋዬ ራስጌ በሳፋ ቀዝቃዛ ውኃና ንጹሕ ፎጣ ተቀምጦ አገኘሁ። ምንድን ነው ስላት፣ ከሞቀሽ ብዬ ነው አለችና ወጣች። ጋቢ ስትደርብብኝ የከረመች ሴት እንዴት በአንዴ ሳፋ አስቀመጠች ብዬ አልጠየቅኩም። የእናት ነገር ነው ብዬ አለፍኩት።

ስልሳ ስምንተኛው ቀን ደረሰ፤ የእኔ ነገር አሁንም ያልታወቀ ነው። ሴቶች ለሠርግ ወይም ለበዓል ሲሉ ወር አበባቸውን በኪኒን እንደሚያቆዩ ሰምቻለሁ። ፋርማሲ ገባሁና ድምፄን ዝቅ አድርጌ ጠየቅኩ። ባለሙያዋ ለልጅዎ ነው አለችኝ። ለራሴ ነው ስላት ሽበቴን አየችው። ከመምጣቱ በፊት ነው የሚጀመረው፣ ቀንዎ መቼ ነው አለች። አላውቀውም አልኳት። ቀኑን ሳያውቁት እንዴት ይያዛል ብላ ሳቀች፤ በክፋት አልነበረም። ከሐኪሞቹ ሁሉ የተሻለ ጥያቄ የጠየቀችኝ እሷ ናት፤ ግን ከኋላዬ ሰው ተሰልፎ ነበርና ኪኒኑን ሰጥታኝ ቀጣዩን ጠራች።

ኪኒኑ ለጥቂት ቀን የያዘ መስሎ ነበር። ሰባ ስምንተኛው ቀን ጧት ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። ሰባ ዘጠነኛው ቀን ጎርፍ ሆነ።

በሰማንያኛው ቀን ንጋት ላይ ሰፈራችን ካለው ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆምኩ። ጉም ነበር፤ ከባሕር ዛፎቹ ቅጠል ላይ ውኃ ይንጠባጠባል። ለዚያ ቀን ያሰፋሁትን የሐበሻ ቀሚስ ቤት ትቼ ጥቁሩን ቀሚሴን ለብሻለሁ። በእጄ የሕፃኗን ነጭ ልብስና ማተቧን ይዣለሁ። እህቴ ከመኪና ወርዳ ፊቴን ስታይ ገባት። እሷም ሰማንያ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ርቃ ያን ቀን መግባቷ ነው፤ የእሷ ሲያልቅ የእኔ ጀመረ። ቀኑን እናሳልፈው እንዴ አለችኝ። ካህናቱ ቆመዋል፣ ዘመድ ተጠርቷል፤ አሥር ዓመት የጠበቀች እናት ደግሞ ጨምሪ እንዴት ትባላለች? ብናሳልፈውስ እስከ መቼ? የእኔ መቼ እንደሚያልቅ የሚያውቅ የለ። ግቡ አልኳቸው። በእኔ ፈንታ እንድታነሳት ልብሱንና ማተቡን ለባሏ እህት ሰጠኋት። ደግ ሴት ናት። ክፉ ብትሆን በተሻለኝ።

አጥሩን ተሳልሜ ውጪ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ውኃው ሲፈስባት ሕፃኗ ስትጮህ ሰማሁ። ከክርስትናዋ የደረሰኝ ያ ብቻ ነው። ትንሽ ቆይቶ እናቴ ብቻዋን ወጣች፤ ነጠላዋን ሰብስባ አጠገቤ ተቀመጠች።

«እኔን የጀመረኝ በአርባ አምስት ዓመቴ ነው» አለች፣ ወደ ጫካው እያየች።

«ምኑ?»

«ይሄ ያንቺው። ቀኑ የሚጠፋው፣ ላቡ፣ ንዴቱ። እያረጥሽ ነው፣ ልጄ። በሽታ አይደለም።»

ማረጥ የሚለውን ቃል አላውቀውም አልልም። የአሮጊቶች ነገር ይመስለኝ ነበር እንጂ፤ አንድ ቀን ቀጥ ይልና ያበቃል ብዬ ነበር የማስበው። እንዲህ ዓመታት እያንገላታ፣ እየሄደ እየመጣ የሚሰናበት መሆኑን ማን ነገረኝ? ዩኒቨርሲቲ ገብቻለሁ። የትምህርት ቤት መጽሐፋችን የወር አበባ እንዴት እንደሚጀምር ሥዕል ነበረው፤ እንዴት እንደሚያልቅ ግን አንድ መስመር ትዝ አይለኝም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?» አልኳት።

«ከታክሲው የወረድሽ ቀን።»

ደሜ ፈላ። ቤተ ክርስቲያን አጥር ስር መሆኔን ረሳሁ። ኪኒኑን፣ መርፌውን፣ ዳማከሴውን፣ በጨርቅ የወተፈችውን መስኮት አንድ በአንድ ቆጠርኩላት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እያልሽ ያሳደግሽኝ አንቺ አይደለሽም ወይ አልኳት። ነኝ አለች። ታዲያ ምነው ዝም አልሽ? ሳፋ ተሸክሞ ከማምጣት አንድ ቃል መናገር ይከብዳል? የነጠላዋን ጫፍ አፍተለተለች።

«አልወለድሽም» አለች በመጨረሻ። «እኔ በልቤ ገና ትወልዳለች እል ነበር። ይሄን ቃል ከአፌ ካወጣሁት ያልቃል ብዬ ፈራሁ።»

እዚህ ላይ ተቃቅፈን ተላቀስን ብል ደስ ባለኝ። አላቀፍኳትም። አንጀቴን በልታዋለች፤ ንዴቴ ግን ከአንጀቴ በለጠ። ተነስቼ ቁልቁለቱን ብቻዬን ወረድኩ። ሦስት ሳምንት ከሰላምታ ያለፈ ቃል አልተነጋገርንም።

ከክርስትናው በኋላ በነበረው ሰኞ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሐኪሟ ሴት ናት፣ በዕድሜ ከእኔ ብዙ ታንሳለች። በቅጡ ሳልቀመጥ ጀመርኩላት፤ ዕድሜዬን፣ ቀኔ እንዴት እንደተዛባ፣ ላቡን፣ እንቅልፍ ማጣቱን፣ ቁጣውን፣ የጠፋኝን ቀመር። ባል አላገባሁም፣ ማህፀን ግን አለኝ አልኳት። አልሳቀችም። ጽፋ ስትጨርስ፣ በእርስዎ ዕድሜ የነገሩኝ ታሪክ ራሱ ይበቃል፣ ይህን ለማወቅ የደም ምርመራ አያስፈልግም አለችኝ። ደሙ እንዲህ መብዛቱ ግን ዕድሜ ነው ተብሎ ብቻ አይታለፍም ብላ አልትራሳውንድ አዘዘች፤ ደግነቱ ክፉ ነገር አልተገኘም። የደም ማነስ ግን ነበረብኝ፤ ድካሙ ለካ ከዚያም ነው። ለደሙም ለላቡም ሕክምና እንዳለው፣ አሥራ ሁለት ወር በተከታታይ ሳይመጣ ሲቀር ብቻ አበቃ እንደሚባል ነገረችኝ። የእሷ ጥያቄና መልስ ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው።

ሩብ ሰዓት! ብታውቂስ ደሙ ይቆምልሽ ነበር ወይ የሚለኝ አይጠፋም። ሐኪሟን ይህንኑ ጠየቅኳት። ቀደም ብለው መጥተው ቢሆን ለዚያ ቀን እንሞክርልዎት ነበር አለችኝ። እርግጠኛ ነገር አይደለም፤ አውቃለሁ። እኔ የተነጠቅኩት ያንን ሙከራ ነው።

ወረቀቴን ይዤ ላምበረት ወዳለው ክሊኒክ ተመለስኩ። ለመጣላት አልነበረም፣ ወይም ለመጣላት ብቻ አልነበረም። ወጣቱ አስታወሰኝ። ምን እንደነበረብኝ ነገርኩት፤ ከእኔ በኋላ የምትመጣውን ሴት፣ ባል ኖራትም አልኖራትም፣ የወር አበባዋን እንዲጠይቃት ለመንኩት። የእኔን ወረቀት አየ፣ የራሱን መዝገብ ገልጦ አየ፣ ከዚያ ታይፎይዱም ግን ነበረብዎት አለኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ወጣሁና እዚያው በሩ ላይ ቆሜ ብቻዬን ሳቅኩ።

አሁን አምስት ዓመት ሆነው። አንዴ አሥራ አንድ ወር ጠፍቶ ተመልሶ መጣና ቆጠራዬን ከዜሮ አስጀመረኝ፤ ዘንድሮ ግን አሥራ ሁለቱ ሞላ። ቤተ ክርስቲያን በፈለግኩት ቀን እገባለሁ፤ የቀን መቁጠሪያ አላይም። ታክሲ ውስጥ መስኮት የምትከፍት ሴት ስትሰደብ ከሰማሁ ተዋት፣ ትክፈት ብዬ ለእሷ እሟገታለሁ፤ ስትወርድ አብሬያት ወርጄ ዕድሜዋን የጠየቅኳት አለች። ከእናቴም ታርቀናል። እሷንም እናቷ ምንም አልነገረቻትም ነበር፤ ዛር ነው ብለው በየጠንቋዩ አዙረዋታል። ይህን ስትነግረኝ ለእሷም ተናደድኩላት።

በበዓል ቀን እህቴ ልጇን አልብሳ መጀመሪያ የምትወስዳት ወደ ክርስትና እናቷ ነው፤ ወጉ ነው። እኛ ጋ የሚመጡት ከሰዓት በኋላ ነው። አልቀየማቸውም፤ ግን እስከ ከሰዓት ድረስ ሰዓቱን አየዋለሁ።

ባለፈው እሑድ ልጅቷን ይዘናት ከእናቴ ጋር ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ከክርስትና ቤቱ ፊት ስንደርስ እጄን ለቀቀችኝና ቆመች። እዚያ እንደተጠመቀች እህቴ ነግራታለች።

«አንቺስ የት ነበርሽ?» አለችኝ።

«እዚያ፣ ከአጥሩ ውጪ።»

«ለምን?»

እናቴን አየኋት። በእኛ ቤት እንዲህ ላለው ጥያቄ የተዘጋጀ መልስ አለ። ስታድጊ ታውቂዋለሽ ይባላል፤ ካደግሽም በኋላ ማንም አይነግርሽም። ጎንበስ አልኩና ደም እየፈሰሰኝ ነበር አልኳት። ዓይኗ ፈጠጠ።

«አሞሽ ነበር?»

«አላመመኝም ነበር። አሞሻል አሉኝ እንጂ።»

እናቴ አጠገባችን ቆማ ነበር። ዝም በይ አላለችኝም።